ቦዬ፦ ጅማ መግቢያ ላይ ያለው የጉማሬ ረግረግ

ከአዲስ አበባ በመኪና ጅማ የመጣ ሰው ሁሉ በቦዬ በኩል አልፏል፣ ብዙው ግን ልብ አይለውም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወገቡ ዝሎ፣ ከተማው ሊገባ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ሰው እቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ነው በመስኮቱ በኩል ያ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ የሚያልፈው። ሜዳ ግን አይደለም። ውሃ ነው፣ ላዩ ላይ ሳርና ቄጠማ የበቀለበት ውሃ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ጉማሬ ያለበት። ባህር የሌለን ሰዎች ዳርቻ ስንፈልግ ላንጋኖ ወይ ሀዋሳ ነው የሚታሰበን፣ የጅማ ልጅ ግን ዳርቻው ደጁ ላይ ነው ያለው፣ በባጃጅ ይደረሳል።

ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ዙሪያዋን በኮረብታ ታጥራ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ዝናቡም በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከየኮረብታው የሚወርደው ውሃ መቆሚያ ይፈልጋል። ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱና በወዲያ በኩል ያለው ኪቶ ሌሎች ትንንሽ ጅረቶችን ይዘው ወደ ቦዬ ይወርዳሉ፣ እዚያ ውሃው ይሰፋል፣ ይዘገያል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ይሄ መዘግየት ነው ዋናው ነገር። ውሃ ሲሮጥ አፈር ይሸከማል፣ ሲቆም ደግሞ ያወርደዋል፣ የቄጠማው ሥር ደግሞ እንደ ወንፊት ሆኖ የከተማውን ቆሻሻ በከፊል ያስቀርለታል።

ከዛ በኋላ ይሄ ውሃ የሚሄድበትን መንገድ አስቡት እስቲ። መጀመሪያ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ ይገባል፣ ከግድቡ ሲወጣ በተራራ ውስጥ በተቦረቦረ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ አልፎ የጊቤ ሁለትን 420 ሜጋ ዋት ይዘውራል፣ ኦሞ ላይ ወርዶ ጊቤ ሦስት ይገባል፣ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። እና አንድ ሰው ቦዬ ዳር ቆሞ ይሄ ረግረግ ለምን አይደርቅም፣ ለምን እርሻ አይሆንም ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ይሄንን ነው፣ እዚህ ያልቀረ ደለል ሄዶ የሚተኛው ግድቡ ሆድ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጉማሬው። በኦሮምኛ ሮቢ ነው የሚባለው፣ አካባቢው ላይ ስትጠይቁ ሮቢ ካላችሁ ቶሎ ይጠቁሟችኋል። ሰው ቦዬ ሄዶ ጉማሬ ሳያይ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ምክንያት ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐይ ሄጄ ሁለት ሰዓት ቆሜ ምንም አላየሁም፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ጭጋጉ ገና ውሃው ላይ እንደተኛ ደረስኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምጹን ነው፣ ፉፉፉ የሚል፣ ልክ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው። ከዛ ሁለት ጆሮ ብቻ ከውሃው ወጣ፣ ጆሮዎቹ እንደ ፕሮፔለር ተሽከረከሩና ውሃውን አራገፉ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ። ይሄው ነው፣ ሌላው አካሉ ሁሉ ከሥር ነው። ደግሞ መልሶ ገባ፣ አፍንጫውን ዘግቶ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ሊቆይ ስለሚችል ቀጥሎ የት እንደሚወጣ መገመት ከባድ ነው።

ብዙ ሰው ጉማሬ ዋናተኛ ይመስለዋል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ከሥር መሬቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ የሚውለውም ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው፣ ከውሃ ሲወጣ ቆዳው ላይ ቀላ ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ደም ያልበዋል የሚባለው ከዚህ ነው፣ ግን ደም አይደለም፣ ከፀሐይና ከጀርም የሚከላከልለት ነገር ነው። ሲመሽ ይወጣና ሳር ይግጣል፣ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ። ወንዱ ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል መንገዱ መሬቱ ላይ ይቀራል፣ ዳር ዳሩን ስትሄዱ ሳሩ መሀል ሁለት ትይዩ ቦይ ካያችሁ፣ በመሀላቸው ደግሞ ከፍ ያለ ሳር ከቀረ፣ የመኪና ጎማ አይደለም፣ በግራና በቀኝ እግሩ የረገጠው ነው። እዚያ መስመር ላይ አትቁሙ። ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌዎችም መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ይሄንኑ ነው፣ በጉማሬና በውሃው መሀል እንዳትገቡ፣ ምክንያቱም ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፣ በመሀል ያለውን ነገር አይቶ አይዞርም፣ ፍጥነቱም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ሰው አያመልጠውም። ስለዚህ ማታ ዳር ዳሩን መንሸራሸር የለም፣ ፎቶ ለማንሳት ተብሎም ቢሆን።

ወፎቹ ለብቻቸው አንድ ቀን ይፈልጋሉ። በጅማ ዙሪያ ረግረጎች ላይ የሚታየው ጭንቅላቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ፣ ሌላው አካሉ ጠቆር ያለው ረጅም ወፍ በዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ዘር ነው፣ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ የተጋለጠ ብሎ መዝግቦታል፣ ጉማሬውንም እንደዚያው። ወፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት፣ አንገታቸውን ቀና ዝቅ እያደረጉ ሲጨፍሩ ካያችሁ ባይኖኩላሩን ለሌላ ሰው መስጠት ያቅታችኋል። አገጩ ላይ ነጭ ነገር የሚንጠለጠልበት ትልቁ ዘመዱም አልፎ አልፎ ይታያል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የሌለች ቡናማ ትንሽ የረግረግ ወፍም አለች፣ ጭራዋን ወደ ላይ እየነቀነቀች ቄጠማው ሥር ትሽሎከለካለች፣ ዝም ብሎ ለሚቆም ሰው ቅርብ ድረስ ትመጣለች። ዳክዬ፣ ይብራ፣ አባ ኮዳ የተለመዱ ናቸው።

ቦዬን ሄዶ ያላየ የጅማ ሰው እንኳን በቤቱ ያውቀዋል። ለበዓል ወይም ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ጨፌ ከእንደዚህ አይነት ረግረግ ነው የሚታጨደው፣ ሴቶቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በማጭድ ያጭዱትና በሸክም ገበያ ያወጡታል። ጨፌ ማለት ቦታውም ነው ሳሩም ነው። የድሮ የኦሮሞ ሸንጎ በዛፍ ጥላ ሥር በእንደዚህ አይነት ለምለም መስክ ላይ ስለሚቀመጥ ነው የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የተባለው፣ ይሄንን ሳውቅ ረግረጉን ማየቴ ራሱ ተቀይሯል።

የሚያሳዝነው ረግረጉ ከየአቅጣጫው እየተበላ መሆኑ ነው። በዳሩ የሸክላ አፈር ስላለ ጡብ ይመረትበታል፣ አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ጡቡ በባህር ዛፍ እንጨት ይተኮሳል፣ ለእንጨቱ ደግሞ ባህር ዛፍ ይተከላል፣ ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ አያችሁት አዙሪቱን። ቦይ እየተቀደደ ለበቆሎና ለአትክልት የሚደርቀውም ቀላል አይደለም። ከከተማው የሚመጣው ፍሳሽና ፌስታል አለ፣ አዌቱ ላይ የተጣለ የውሃ ፕላስቲክ ቦዬ ላይ ነው የሚገኘው። ጡብ የሚሠራውን ወጣት መውቀስ ግን አልችልም፣ እንጀራው ነው፣ ከጉማሬው ጋር በቆሎ የሚሻማው ገበሬም ሌሊቱን ማማ ላይ ተቀምጦ ሲጮህ የሚያድረው ወዶ አይደለም። እኔ የምለው ቢያንስ ጉማሬው የሚወጣበት መስመርና ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ቄጠማ ተከልሎ ይቆይ ነው፣ ጎብኚ ሲመጣም ገንዘቡ እዚያው ዳር ለሚኖሩት ይድረስ።

ለመሄድ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ቡትስ ያወልቃል። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ወይ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ግን ሳይጨልም መውጣት ነው። ከመንገዱ ወርዳችሁ ዳሩን ስትይዙ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ መሬቱ ሳር መስሎ የሚውጥ ቦታ አለው።

አንድ ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ደግሞ በተቃራኒው በቦንጋ መንገድ ሰቃን አልፎ፣ ሸቤ አካባቢ ወደ በለጠ ጫካ ይሂድ። እዚያ ቡናው በራሱ የበቀለ ነው፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ከላይ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቅጠል ይበላሉ። ሲዘሉ ጠዛው እንደ ዝናብ ይወርድባችኋል፣ ጃኬት ያዙ።