የኩባንያዎች የፖለቲካ ወጪ ግልጽነት ምንድን ነው?

«እገሌ ኩባንያ ለእገሌ እጩ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ሰጠ» የሚል ጽሑፍ ስለ አሜሪካ ፌዴራል ምርጫ ሰሞኑን ደግሞ አነበብኩ። ጸሐፊው የጠቀሱት የምርጫ መዋጮ መዝገብ እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው አነባበባቸው ነው።

ኩባንያ ከካዝናው አውጥቶ ለፌዴራል እጩ መስጠት እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የኩባንያው ስም መዝገቡ ላይ የሚታየው፣ ከ200 ዶላር በላይ ያዋጣ ግለሰብ አሠሪው ማን እንደሆነ ስለሚመዘገብ ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከደመወዟ የሰጠችው ከባልደረቦቿ መዋጮ ጋር ይደመርና «ኩባንያው ሰጠ» ይባላል። ኩባንያው ያቋቋመው የመዋጮ ኮሚቴም ቢሆን ገንዘቡን የሚያገኘው በዋናነት ኃላፊዎችና ባለአክሲዮኖች በፈቃዳቸው ከሚሰጡት ነው፤ በአንድ ምርጫ ለአንድ እጩ ከ5,000 ዶላር ማለፍም አይችልም። በክፍላተ ግዛቶች ምርጫ ግን ሕጉ ይለያያል፤ ቀጥተኛ መዋጮ የሚፈቅዱ አሉ።

ኩባንያዎች እጃቸው የለበትም እያልኩ አይደለም። የሚያበሳጨኝ፣ ሁሉም ሰው ቆጣሪ የተገጠመለት ቧንቧ ላይ አፍጥጦ ቆጣሪ የሌለውን መዘንጋቱ ነው።

የንግድ ማኅበርን፣ ማለትም ኩባንያዎች በአባልነት እየከፈሉ የጋራ ጥቅማቸውን የሚያስጠብቁበትን ድርጅት፣ እንደ ውኃ ታንከር እንቁጠረው። አባል ኩባንያዎች ከላይ ይጨምሩበታል፣ ከታች ይቀዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሲትዝንስ ዩናይትድ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ማኅበሩ ከካዝናው ለምርጫ ማስታወቂያ ማውጣት ይችላል። ኩባንያው በራሱ ስም ለሱፐር ፓክ (ለእጩ ሳይሰጥ በራሱ ለምርጫ ዘመቻ ያለ ገደብ ለሚያወጣ ኮሚቴ) ቢሰጥ ስሙ ይመዘገባል፤ በታንከሩ በኩል ሲያልፍ ግን የሚመዘገበው የማኅበሩ ስም ነው። ከላይ ማን ስንት እንደጨመረ ለሕዝብ የሚያሳይ ቆጣሪ በአብዛኛው የለም። ውኃው ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ አባል «የተቀዳው የእኔ አይደለም» ሊል ይችላል። ጥቂት የጨመረው አባል ቧንቧውን በሚከፍተው ቦርድ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የሊትሩ ብዛት ብቻውን ተጽዕኖን አይለካም።

የፖለቲካ ወጪ ግልጽነት ማለት እንግዲህ ከላይ ያለውን ቆጣሪ መግጠም ነው፤ ኩባንያው ለየትኛው ማኅበር ምን ያህል እንደከፈለና ክፍያውን ማን እንዳጸደቀው ራሱ ይፋ ሲያደርግ ማለት ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ኩባንያው ራሱ ማኅበሩ ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያውለው በምን ያውቃል?» ሲሉ ተከራክረዋል። የግብር ሕጉን ቢያዩ ይህን አይሉም ነበር። ለሎቢ (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት) እና ለፖለቲካ የዋለው የአባልነት ክፍያ ከግብር ተቀናሽ አይሆንም፤ ስለዚህ ማኅበሩ በእሱ ፋንታ ግብሩን ራሱ ካልከፈለ በቀር ድርሻውን ለአባላቱ ማሳወቅ አለበት። ማኅበሩ ካሳወቀ ቁጥሩ ኩባንያው የሒሳብ ክፍል ውስጥ አለ። የጎደለው ማተም ብቻ ነው።

ሎቢ ራሱ ሌላ መዝገብ አለው። በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የወጣው ወጪ ይገለጻል፤ አሁን ሪፖርቱ የሚቀርበው በየሩብ ዓመቱ ነው። ቁጥሩ ግን ወደ ቅርብ 10,000 ዶላር የተጠጋጋ ግምት ነው፤ እስከ መጨረሻው ዶላር የተቆጠረ አድርገው የሚጠቅሱት ይህን ይወቁ።

ከ2011 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎችን በዚህ ግልጽነት የሚመዝን ሲፒኤ-ዚክሊን የተባለ መለኪያ አለ። እሱም ይፋ የማድረግ ልማድን እንጂ የገንዘቡን መጠን አይመዝንም፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ኩባንያ ብዙ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል።