አስም ያለባት ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒቷና የልጇ ሳንባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አስም ያለባት ሴት ስታረግዝ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍላታል። ጎረቤት «ፓፉን ተዪው፣ ልጁን ይጎዳብሻል» ትላታለች። ስልኳ ላይ ያነበበችው ጽሑፍ ደግሞ በእርግዝና ወቅት የእናትን የመከላከል አቅም የሚያስተካክል ሕክምና ልጇን ከአስም ነጻ እንደሚያደርገው ይነግራታል። አንዱ ከሚያስፈልጋት መድኃኒት ያርቃታል፣ ሌላው ያልተረጋገጠ ተስፋ ይሰጣታል። መዘዙ የሚያርፈው እሷና ማህፀኗ ውስጥ ባለው ልጅ ላይ ስለሆነ፣ በብዛት የሚነገሩትን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

«እናት አስም ካለባት ልጁም መያዙ አይቀርም»

ተጋላጭነቱ ይጨምራል እንጂ መያዙ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና የእናት አስም የልጁን ተጋላጭነት በግምት ወደ 3 እጥፍ፣ የአባት ደግሞ ወደ 2.4 እጥፍ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። እናታቸው አስም ኖሮባት ምንም ሳይሆኑ የሚያድጉ ልጆች ግን ብዙ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ በእናትና በአባት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልጅ ዘሩን ከሁለቱም ይወስዳል፤ የእናት ድርሻ ከአባት ከበለጠ ማህፀን ውስጥ በዘጠኙ ወራት የሚሆን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የአስሟ መነሳትና መረጋጋት፣ የምትተነፍሰው አየር፣ የሚይዛት ኢንፌክሽን፣ በደሟ የሚዘዋወሩት የመከላከያ ንጥረ ነገሮች ሁሉ ሊኖሩበት ይችላሉ። ዘርን መቀየር አይቻልም። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ግን ይቻላል፣ የተመራማሪዎችም ጥረት ሁሉ እዚህ ላይ ያተኮረ ነው።

«ለልጁ ሲባል ፓፍ ማቆም ይሻላል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ችግሩ የእኛ ሀገር ብቻም አይደለም፤ በ2006 የታተመ የአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት ጥናት ሴቶች ባረገዙ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሳብ ስቴሮይድ (የአየር ቧንቧን መቆጣት የሚያበርደው ፓፍ) አወሳሰዳቸው በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ መድኃኒቱን የተዉት ፈርተው ይመስለኛል፤ ፍርሃቱም የሚገባ ነው። ልጅ የያዘች ሴት ወደ ሰውነቷ የምታስገባውን ሁሉ መጠርጠሯ ተፈጥሯዊ ነው።

ጥርጣሬው ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ላይ መሆን ነበረበት። ፅንሱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ብቻ ነው። አስሟ ሲነሳና ትንፋሽ ሲያጥራት እሱም ያጥረዋል። በእርግዝና ወቅት ያልተረጋጋ አስም ከደም ግፊት፣ ያለ ጊዜው ከመውለድና ከአነስተኛ የልደት ክብደት ጋር ተያይዟል። በዴንማርክ በሀገር አቀፍ መዝገብ የተሠራ ጥናትም እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ አስማቸው ያልተረጋጋ ወይም የከበደ ልጆች ገና በጨቅላነታቸው ጀምሮ የሚቆይ አስም በብዛት እንደታየባቸው አግኝቷል። በአንጻሩ እንደ ቡደሶናይድ ያሉ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ለረጅም ዓመታት በነፍሰ ጡሮች ላይ ሲሠራባቸው ኖረዋል፣ ደህንነታቸውም በደንብ ተጠንቷል። ወደ ሳንባ የሚሳበው መጠን ትንሽ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ከዚያም ያነሰ ነው።

ከሁሉም ጥናቶች ልቤን የሚነካው በአውስትራሊያዋ ኒውካስል ከተማ የተካሄደው ነው። 220 አስም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን ሕክምና እንደተለመደው በምልክቶች፣ ማለትም በሳል፣ በትንፋሽ ማጠርና በሌሊት መንቃት እየተመራ ይስተካከል ነበር። የሁለተኛው ቡድን ሴቶች ግን በየቀጠሮው ወደ አንድ ትንሽ መሣሪያ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ፤ መሣሪያው ከትንፋሻቸው ጋር የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለካል። ይህ ጋዝ የአየር ቧንቧው በአለርጂ መቆጣቱን ስለሚናገር፣ ልኬቱ ከፍ ሲል የሚሳበው ስቴሮይድ ይጨመራል፣ ዝቅ ሲል ይቀነሳል። በ2011 የወጣው ውጤት በሁለተኛው ቡድን አስም የሚነሳበት ጊዜ በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ስቴሮይድ የወሰዱት ሴቶች ቁጥር ከፍ ቢልም በአማካይ በቀን የተወሰደው መጠን ግን ያነሰ ነበር። ማለትም መድኃኒቱ ለሚያስፈልጋት ሴት፣ በሚያስፈልጋት ልክ ደረሰ።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም፤ ልጆቹን ተከታተሉ። ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲሞላቸው 140 ልጆች ታዩ። ከተለመደው ሕክምና ቡድን 43.2 በመቶ የሚሆኑት አስም እንዳለባቸው በሐኪም የተነገራቸው ሲሆን፣ ከሁለተኛው ቡድን 25.9 በመቶ ብቻ ናቸው። የእናትን የሳንባ መቆጣት በአግባቡ ማከም የልጁን የወደፊት ሳንባ ሊጠብቅ እንደሚችል የሚያሳይ፣ በሰው ላይ የተገኘ ጠንካራ ምልክት ይህ ነው። እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ፤ የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነው። እዚያው አውስትራሊያ 1,200 ያህል ሴቶችን ያሳተፈ ተከታይ ጥናትም በዚህ መሣሪያ የተመራ ሕክምና በወሊድ ውጤቶች ላይ ከተለመደው የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ መሣሪያው ተአምር ነው ልል አልችልም። አስምን ሳይታከሙ መተው ልጁን ይጠቅማል የሚል ማስረጃ ግን በየትኛውም ወገን የለም።

ዕለት ዕለት የሚሳበውን መከላከያ ትታ፣ ሲብስባት ብቻ ሰማያዊውን ሳልቡታሞል የምትጠቀም ነፍሰ ጡርም ታከመች አይባልም። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ የተቆጣውን አያበርድም። ብዙ ጊዜ እየተጠቀመችው ከሆነ በእርግዝና ክትትሏ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

«በእርግዝና ጊዜ የአለርጂ መርፌ ብጀምር ልጄ ይጠበቃል»

ይህ ሕክምና በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች የሚያውቁት ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ነገር፣ ለምሳሌ የሣር ብናኝ ወይም በአቧራ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ተባዮች፣ በጣም በትንሹ ተጀምሮ እየተጨመረ በመርፌ ይሰጣል፤ ሰውነት እየለመደ ይሄዳል። ሊዮናርድ ኑን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሣር ብናኝን በዚህ መንገድ ሰጥቶ ውጤቱን በ1911 ካሳተመ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

ልጁን ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ ከባዶ አልመጣም። መርፌው የእናትየውን ሰውነት አይጂጂ የተባለ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) እንዲያመርት ያደርጋል፤ ይህ አንቲቦዲ አለርጂ የሚያስነሳውን ነገር ቀድሞ ይዞ ያከሽፈዋል። አይጂጂ ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። መርፌውን ሲወስዱ ከነበሩ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት እትብት ደም ውስጥም ተገኝቷል። በአይጦች ላይ የተሠሩት ሙከራዎች የበለጠ ያስደስታሉ፦ ከእርግዝና በፊት ለእንቁላል ፕሮቲን የተከተቡ እናት አይጦች ግልገሎች በኋላ ያ ፕሮቲን ሲሰጣቸው የአለርጂ ምላሻቸው ዝቅተኛ ነበር። በ2008 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የታተመ ሥራ ደግሞ የምታጠባ አይጥ ይህን ፕሮቲን በአየር ስትስበው ወደ ወተቷ እንደሚያልፍ፣ ግልገሎቿም በኋላ ከአለርጂ አስም እንደሚጠበቁ አሳየ።

አይጥ ግን ሰው አይደለችም፣ ልዩነቱም እዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። የአይጥ ግልገል አይጂጂ ከተወለደ በኋላም ከወተት በአንጀቱ ይወስዳል። የሰው ልጅ ግን አይጂጂን በዋናነት የሚቀበለው ከመወለዱ በፊት ነው፤ ከጡት ወተት የሚያገኘው በብዛት አይጂኤ የተባለውን ሌላ አንቲቦዲ ነው። ከእናቱ የወረሰው አይጂጂም በወራት ውስጥ ከደሙ ይጠፋል። ነፍሰ ጡር ሴት የአለርጂ መርፌ በመውሰዷ ልጇ ከአስም መዳኑን በዕጣ በተከፈሉ ቡድኖች ያረጋገጠ ጥናት የለም።

አደጋውስ? መርፌው አልፎ አልፎ መላ ሰውነትን የሚያናጋ ከባድ የአለርጂ ምላሽ ያስከትላል፤ ይህም የሚያጋጥመው በብዛት መጠኑ በሚጨመርበት ጊዜ ነው። የእናት የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ስለዚህ መመሪያዎቹ ግልጽ ናቸው፦ በእርግዝና ወቅት አይጀመርም። ቀደም ብላ ጀምራ የተረጋጋ መጠን ላይ ከደረሰችና ከተስማማት ግን መጠኑ ሳይጨመር መቀጠል ትችላለች። ካረገዙ በኋላ በቀጠሉ ሴቶች ላይ የተደረጉ ክትትሎች በእናትም በልጅም የተለየ ጉዳት አላሳዩም።

ለከባድ አስም የሚሰጠው ኦማሊዙማብም አንዳንዴ በዚህ ተስፋ ይነሳል። በእርግዝና ጊዜ የወሰዱት 250 ያህል ሴቶች መዝገብ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ከሌሎች አስም ካለባቸው እናቶች ልጆች አለመብለጡን አሳይቷል። ይህ ግን ለእናቲቱ ደህንነት የሚያገለግል ማስረጃ ነው፤ ልጁን ከአስም ይከላከላል የሚል ነገር የለውም።

«የሆድ ትል ከአለርጂ ስለሚጠብቅ ነፍሰ ጡር የትል መድኃኒት ባትወስድ ይሻላል»

ይህን ሐሳብ ያነሳሳው ምርምር በከፊል የእኛው ነው። በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በርከት ብሎ መታየቱን አሳየ። በ2001 ከጅማ የመጣ ሌላ ጥናት ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በብዛት ባለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ያነሰ መሆኑን አገኘ። ትሎቹ ሰውነት ውስጥ ለመኖር ሲሉ የመከላከል አቅምን ያለዝባሉ፣ ይህም አለርጂን አብሮ ያለዝበዋል የሚለው ግምት ከዚህ በረታ።

ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ውስጥ ይህ በሙከራ ተፈተነ። ከ2,500 በላይ ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ተከፍለው አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት ወይም የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። አልቤንዳዞል ከወሰዱት እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ ችፌ በብዛት ታየ። ግኝቱ እውነተኛና አስገራሚ ነው፤ የእናት ትል መታከሙ በልጁ አለርጂ ላይ አሻራ ሊተው ይችላል። ግን የሕፃን ችፌ ከአስም ጋር አንድ አይደለም። ሁክዎርም ደግሞ ደም ይመጥጣል፤ ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ትልና ደም ማነስ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ነፍሰ ጡሮች ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ይመክራል። ጤና ጣቢያ ሲሰጣት ትውሰድ።

«በገጠር ጥሬ ወተትና በረት ልጅን ከአስም ይጠብቃሉ»

በአውሮፓ በእርግዝናቸው ጊዜ ከከብት ጋር የሚውሉ እናቶች ልጆች አለርጂ ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል። በ2009 ጀርመን ውስጥ በተሠራ ሙከራ ደግሞ አሲኔቶባክተር ልዎፊ የተባለ የበረት ባክቴሪያ በእርግዝናቸው ጊዜ በአፍንጫ የተሰጣቸው አይጦች ግልገሎች አስም አልያዛቸውም። ይህ መንገድ ወደፊት መድኃኒት ሊወልድ ይችላል። ጥሬ ወተት ግን ብሩሴሎሲስና ሊስቴሪያ የተባሉ ኢንፌክሽኖችን፣ የከብት ቲቢንም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ብሩሴሎሲስና ሊስቴሪያ ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ወተቱ ይፈላ።

«ወተት፣ እንቁላልና ኦቾሎኒ ካልበላሁ ልጄ አለርጂ አይኖረውም»

ይህን ምክር የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ትቶታል፤ ጥቅሙ አልተገኘም። እናት ራሷ የምግብ አለርጂ ከሌለባት ትብላ።

«የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ዲ ተረጋግጠዋል»

የዓሣ ዘይቱ ተስፋ ይሰጣል። በ2016 በታተመ የዴንማርክ ጥናት 736 ሴቶች ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ 2.4 ግራም ከዓሣ ዘይት የሚገኝ ኦሜጋ 3 ወይም የወይራ ዘይት ወሰዱ። የማያቋርጥ ሲር ሲር ወይም አስም የታየው በአንደኛው ቡድን በ16.9 በመቶ፣ በሁለተኛው በ23.7 በመቶ ልጆች ላይ ነው። ጥቅሙ የጎላው ቀድሞውኑ ኦሜጋ 3 በደማቸው ያነሰባቸው እናቶች ላይ ነበር። መጠኑ ግን ከፋርማሲ ከሚገዛው ተራ እንክብል እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም። ቫይታሚን ዲ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ትልቅ ጥናት ልጆቹ 3 ዓመት ሲሞላቸው ጥሩ ፍንጭ ቢያሳይም 6 ዓመት ሲሞላቸው ልዩነቱ ጠፋ።

«ፓፌን እየወሰድኩ ስለሆነ ጭሱ ችግር የለውም»

በእርግዝና ጊዜ የትምባሆ ጭስ፣ ሌላ ሰው ያጨሰውም ቢሆን፣ ከልጁ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ጋር በግልጽ የተያያዘ ነው። የማገዶና የከሰል ጭስም የአየር ቧንቧውን ያስቆጣል፤ ስቴሮይዱ ማታ ያበረደውን ጠዋት በተዘጋ ክፍል የሚጨሰው ዕጣንና የሚራገበው ምድጃ መልሶ ሊያስነሳው ይችላል። ከሰሉ ውጪ ይቀጣጠል፣ ፍም ሆኖ ይግባ፣ መስኮት ይከፈት። በእነዚህ ወራት ማራገቡን ባል ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ቢወስደው፣ ሲጋራ የሚያጨስም ካለ ከቤት ወጥቶ ሳይሆን ጨርሶ ቢተወው ለእናቲቱ ሕክምና ትልቅ እገዛ ነው።