አረጋውያን በእምነት ላይ በተመሠረተ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት

አገልግሎት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ስብከትና መዝሙር ነው። አረጋውያን ዘንድ ያለው አገልግሎት ግን ብዙ ጊዜ ከመድረክ ውጭ ነው። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ሐዘንተኛ ያጽናናሉ፣ ልጆች ያስጠናሉ፣ የእርዳታ ልብስ ለይተው ያድላሉ፣ ከእስረኛ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ። ደመወዝ የለውም። የሚሰጡት ጊዜያቸውን ነው፣ የሚያነሳሳቸው ደግሞ እምነታቸው።

ነገሩ ጥንትም የነበረ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የምናገኛት ነቢይት ሐና ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ስትሆን ሌት ተቀን ከመቅደስ አትለይም ነበር። በእስልምና ደግሞ ሰደቃ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መልካም ቃልም፣ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትም ሰደቃ ነው። ኪሱ ለሳሳ ጡረተኛ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

በዘመናችን ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የጂሚ ካርተር ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1984 ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ ከተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ጋር ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ሆነው ለአሥርት ዓመታት መዶሻ ይዘው ቀጠሉበት፣ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያንም የሰንበት ትምህርት ያስተምሩ ነበር። በ2019፣ በ95 ዓመታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ግንባራቸው ላይ 14 ስፌት ተሰፉ። በማግስቱ ዓይናቸው እንደጠቆረ ግንባታው ቦታ ተገኙ። እኔ ብሆን ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ነበርኩ!

ታይዋን ውስጥ በ1966 በቡድሂስቷ መነኩሲት ቼንግ ዬን የተመሠረተው ጹ ቺ የተባለ ድርጅት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከ1990 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞቹ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ ይሰበስባሉ፤ ፕላስቲክና ወረቀት የሚለዩት ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ጉልበት የከዳውም ይችለዋል፣ ጨዋታውም አብሮ አለ። ጡረተኞችን አስበው የተዘጋጁ መርሐ ግብሮችም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1995 የተጀመረው የኢግናቲየስ በጎ ፈቃደኞች ጓድ የተባለው የካቶሊኮች ድርጅት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ይቀበላል፣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አረጋውያን ባልና ሚስትን በራሳቸው ወጪ ለወራት ወደ ሌላ አገር ትልካለች።

ታዲያ ሌላውን ሰው የሚያነሳሳው ምናቸው ነው? በእኔ እይታ ንግግራቸው አይደለም፣ አለመቅረታቸው ነው። ወጣቱ ሞቅ ሲለው መጥቶ ሥራ ሲበዛበት ይጠፋል፤ እማማ ግን ዝናብም ቢሆን በዚያችው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት ይመጣሉ፣ እና ይህን ሁለት ዓመት ያየ ሰው ሰበብ ማቅረብ ያሳፍረዋል። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ለተተኪው ትውልድ ማሰብን ከሰው ልጅ የዕድገት ደረጃዎች አንዱ ብሎታል። በጎ ፈቃደኝነት ለጤና ይጠቅማል የሚባለውን ግን ረጋ ብሎ ማየት ይሻላል፤ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ነውና ለአገልግሎት በብዛት የሚወጣው።

ችግርም አለው። አንዳንድ ቦታ አረጋውያንን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ማጨብጨብ እንደ ክብር ይቆጠራል፣ ሥራ ግን አይሰጧቸውም። ሌላ ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ «ለእግዚአብሔር ነው» ስለተባለ እምቢ ማለት ያቃታቸው አንዲት እናት የአምስት ሰው ሸክም ይሸከማሉ። የመጋዘኑን ቁልፍ 20 ዓመት ይዘው ለማንም የማያስረክቡ አባትም አይጠፉም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ።

ደህና የሚሄድባቸው ቦታዎች ፈረቃ አላቸው፣ ማታ መንዳት የማይችለውን የሚያደርስ ሰው ይመድባሉ፣ ደረጃ መውጣት ላቃተው የስልክ ጥየቃ ይሰጣሉ። በሽተኛ ጥየቃ ሲወጣ ደግሞ አንድ አዛውንትና አንድ ወጣት ያጣምራሉ። ወጣቱ መጀመሪያ ቦርሳ ነው የሚይዘው። ከጥቂት ወራት በኋላ በሩን የሚያንኳኳውም፣ ወሬውን የሚጀምረውም እሱ ይሆናል።