የእንቁላል መቀርቀር ምንድን ነው?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ዶሯቸውን በካርቶን ይዘው መጡ። «እንቁላል ተቀርቅሮባታል፤ ሦስት ቀኗ ነው» አሉኝ። ሰው መክሯቸው በጣት ዘይት አስገብተውባታል። ሆዷንም ጨምቀዋል። ዳሰስኳት። ውስጧ እንቁላል የለም። እጄን ነቆረችኝ፣ ላባዋን ነፋች። የደረቷን ላባ ነቅላ ቆዳዋ ይታያል። መታቀፍ ፈልጋለች፣ ሌላ ነገር የለባትም። ደም ያየሁት ከጭመቃው ነው።

እንዲህ ተጨምቃ የመጣችልኝ ዶሮ ይህች የመጀመሪያዋ አይደለችም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

እንቁላል ተቀረቀረ የምንለው ተሠርቶ ያለቀ ወይም ሊያልቅ የቀረበ እንቁላል የሚጓዝበት ቱቦ መጨረሻ ላይ ደርሶ መውጣት ሲያቅተው ነው። ዶሮዋ ታምጣለች፣ እንቁላሉ አይወጣም። እንቁላሉም ምጡም አብረው መኖር አለባቸው። አንዱ ብቻ ካለ ቃሉ አይሠራም።

ለበዓል ዶሮ ገንጥሎ የሚያውቅ ሰው ከውስጧ እንደ ጨሌ የተደረደሩ ትልልቅና ትንንሽ አስኳሎች አይቷል። ስለዚህ እንቁላል ከየት እንደሚነሣ አላስረዳም። ሰው የሚሳሳተው መንገዱ ላይ ነው። ድሮ ከአዲስ አበባ ጎንደር ሁለት ቀን የሚፈጀውን አውቶቡስ አስታውሱ። መንገድ ላይ ያድር ነበር። እንቁላልም ያድራል። አስኳሉ ከተነሣ እስኪጣል ድረስ 25 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ነጩን ለመልበስ 3 ሰዓት፣ ስሱን ሽፋን ለመልበስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ቅርፊቱን ለመልበስ ግን 20 ሰዓት ያህል አንድ ቦታ ይቆማል። ማደሪያው ከተማ ይህ ነው። አብዛኛው ቅርፊት የሚሠራውም ማታ፣ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ተኝታ ሳለች ነው።

እንግዲህ ማታ ሆዷን ዳስሳችሁ ጠንካራ ነገር ካገኛችሁ፣ ያ የነገ እንቁላል ሊሆን ይችላል። አውቶቡሱ አልተበላሸም፣ አድሯል። እናቶቻችን ገበያ ላይ ዶሮ ሲገዙ ዳስሰው «እንቁላል አላት» ብለው ይደሰታሉ። ቤት ስንገባ ያው እንቁላል በሽታ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሰው እንዲይዝልኝ ከምፈልገው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፦ በእጅ የተዳሰሰ እንቁላል ብቻውን መቀርቀርን አያሳይም።

«ዶሮ በየቀኑ ካልጣለች የሆነ ነገር ይዟታል» ብሎ የሚከራከር ሰው አለ። በስልክም በአካልም አጋጥሞኛል። የሀበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥልና ልታቀፍ ትላለች። በዓመት የምትጥለው ቢበዛ 60 ያህል ነው። ከ300 ቀን በላይ አትጥልም ማለት ነው። ያን ሁሉ ቀን ተቀርቅሮባት አይደለም፤ አውቶቡሱ ከመናኸሪያ አልተነሣም። ላባ ስትቀይርም እንዲሁ ነው። በዓመት 300 የምትጥለው ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ እንኳ ቀን ትዘላለች። ጉዞው ከ24 ሰዓት ስለሚበልጥ የምትጥልበት ሰዓት በየቀኑ እየዘገየ ሄዶ አንድ ቀን ያልፋታል።

እንድትታቀፍ የማትፈልጉ ከሆነ ጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ማሳደር ወይም ሥሩ ነፋስ የሚያስገባ፣ ጭድ የሌለው ሣጥን ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ዘቅዝቆ ማንጠልጠሉንና ውሃ ውስጥ መንከሩን ተዉት። ማሰቃየት ነው።

በሌላ በኩል አውቶቡሱ ገደል የሚገባበትም ጊዜ አለ። አስኳሉ ቱቦው ውስጥ መግባት ሲገባው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይወድቃል። ሆዷ እያበጠ ይሄዳል፣ ውሃ የያዘ ከረጢት ይመስላል። ይህም «ተቀረቀረባት» ይባላል፤ ግን አይደለም። የሚወጣ እንቁላል ስለሌለ ሞቅ ያለ ውሃም ሆነ ቫዝሊን አይረዳትም። ሐኪም ያስፈልጋታል። ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። እንቁላል ያቆመችው ዶሮ አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ካላት ወይም ክንፏና እግሯ ከሰነፈ ፈንግል የተባለውን ተላላፊ የዶሮ በሽታ ጠርጥሩ። ወዲያው ከሌሎቹ ለዩአት።

እውነተኛው መቀርቀር ምን ይመስላል? ጅራቷን ጥላ፣ ደረቷን ቀና አድርጋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ወደ መጣያዋ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትገባለች። ታምጣለች። ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። መብላት ታቆማለች። ኩስ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፣ እንቁላሉ መንገዱን ዘግቶታልና። ነርቭ ተጭኖባት የምታነክስም አለች። ይህ ሁሉ እያለ ከፍርምባ አጥንቷ ጫፍ በኋላ፣ ከመውጫዋ በፊት ጠንካራ እንቁላል ከተዳሰሰ፣ አዎ፣ አሁን ተቀርቅሯል። ጊዜም የለም። አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይገድላል።

ስትዳስሱ እጃችሁ የተከፈተ ይሁን። በጣት አትውጉ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሳፋ ላይ ለሕፃን ገላ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ፣ 38 ዲግሪ ገደማ፣ ሙሉ። ሆዷና መውጫዋ ውሃው ውስጥ እንዲሆኑ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩአት። መጀመሪያ ትታገላለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትረጋጋለች። ሙቀቱ ጡንቻዋን ያላላዋል። ስትወጣ በፎጣ በደንብ አድርቋት። በአዲስ አበባ ክረምት እርጥብ ዶሮ ትታችሁ ከሄዳችሁ እንቁላሉ ሳይሆን ብርዱ ይገድላታል። መውጫዋን ከውጭ ቫዝሊን ቀቡላት። ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ፣ ጎኗ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡላት። የምትጠጣው ውሃ ይኑራት። ከዚያ ተዉአት። በየአምስት ደቂቃው የሚነካካት ሰው ካለ ጡንቻዋ መልሶ ይጨብጣል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ካልወጣ ውሃውን አንዴ መድገም ይቻላል። በቀኑ ውስጥ ካልጣለች ወይም ከዚያ በፊት ከደከመች ወደ ሐኪም።

አሁን ስለ መጭመቅ። «አውቶቡስ ሲቆም ይገፋል፤ እንቁላሉስ ለምን አይገፋም?» ብሎኛል አንዱ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን አውቶቡሱ የቆመው በሩ ተዘግቶ ነው፣ ወይም ነዳጅ አልቆ ነው። የተዘጋ በር ላይ ብትገፉት የሚሰበረው በሩ ወይም አውቶቡሱ ነው። በሩ ከተሰበረ ቱቦው ተገልብጦ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሌሎቹ ዶሮዎችም ቀዩን አይተው ይነቁሯታል። አውቶቡሱ ከተሰበረ ደግሞ የቅርፊቱ ስባሪ ውስጧን ይቆራርጠዋል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። «ሐኪሞችም እኮ ይሰብሩታል» የሚል አለ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ እናደርገዋለን። ሌላው ሁሉ ሲያቅት፣ እንቁላሉ በመውጫው በኩል ሲታየን፣ ሕመም ማስታገሻ ሰጥተን፣ ውስጡን በመርፌ መጥጠን፣ ከዚያ ስባሪውን አንድ በአንድ እንለቅማለን። በኩሽና ጣት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ምጥ የሚያፋጥን መርፌም በሩ እንደተዘጋ ከተሰጠ ቱቦውን ሊቀደው ይችላል፤ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትውጉ።

ነዳጁ ካልሲየም ነው። ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይጨብጥም። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል። 300 እንቁላል የምትጥል ዶሮ በዓመት 600 ግራም አወጣች ማለት ነው። ራሷ የምትመዝነው 2 ኪሎ ገደማ ነው። ታዲያ ግቢ ዘግተንባት እንጀራ ፍርፋሪ፣ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ከሰጠናት ከየት ታምጣው? የሀበሻ ዶሮ የምትጥለው ጥቂት ነው፣ ዞራም ትለቅማለች። ቦቫንስ ግን የእንቁላል ጣይ መኖ ትፈልጋለች። በዚያ መኖ ውስጥ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው። ፀሐይም ትፈልጋለች፣ ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ ከአንጀት አይገባም። ይህን መኖ ግን ለጫጩትና ገና ላልጀመረች ቄብ አትስጡ፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳዋል።

«ወተት አጠጧት» የሚባለውን በቁጥር እንየው። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 1.2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ለአንድ ቅርፊት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ልትጠጣ ነው። አይሆንም። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ደቅቆ ቢሰጥ ይሻላል። ግን እሱም የሚረዳው ለሚቀጥሉት እንቁላሎች ነው። ዛሬ በር ላይ ለቆመው አይደርስለትም። ለእሱ ሐኪሙ በፈሳሽ ወይም በመርፌ የሚሰጠው ካልሲየም አለ።

ብዙ ቤት ሌላም አያለሁ፤ የሰው ቴትራሳይክሊን ተከፍቶ ውሃዋ ውስጥ ይበተናል። የተቀረቀረ እንቁላል በአንቲባዮቲክ አይወጣም። ካልሲየምና ቴትራሳይክሊን አብረው ሲሰጡም እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ሁለቱም በሚገባ አይሠሩም። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላል ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍ አይበላም። የታመመች ዶሮ «ሳትሞት» ተብሎ ታርዳ ወጥ መሆን የለባትም።

ስትደውሉ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደጣለች፣ ታምጥ እንደሆነና ምን እንደምትበላ ነው። የጣለችበትን ቀን ግድግዳ ላይ በከሰልም ቢሆን የሚጽፍ ሰው ግማሹን ሥራ አቅልሎልኛል።

የእኒያ እናት ዶሮ ቁስሏ ቀላል ነበር፣ ደሙም ቆሟል። አውራ ካለው ጎረቤት ዘጠኝ እንቁላል ለምነው አስታቅፈዋታል።