የበረዶ ሸርተቴ እና የጣና ዝናብ

የበረዶ ሸርተቴ ወይም ስኪ ሁለት ረጃጅምና ቀጫጭን ሰሌዳዎችን ከጫማ ጋር አያይዞ በበረዶ ላይ የመንሸራተት ስፖርት ነው። ሰሌዳው የሰውን ክብደት በሰፊው ስለሚያከፋፍል እግር እንዳይሰምጥ ያደርጋል። ቃሉ ከኖርዌይ የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ የተሰነጠቀ እንጨት ነው። ለሺህ ዓመታት አዳኞችና መንገደኞች ሲገለገሉበት ኖረው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ኖርዌይ ውስጥ ወደ ስፖርትነት ተለወጠ።

ባሕር ዳር ላይ በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን በሐምሌ የቤቱን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ነው። ልጆች ደጅ ወጥተው ይለቅሙታል፤ መዳፋቸው ውስጥ ሳይቆይ ውሃ ይሆናል። ለሸርተቴ የሚያስፈልገው ግን አመዳይ ነው፤ እንደ ባዘቶ እየረገፈ የሚከመርና ለወራት ሳይቀልጥ የሚቆይ።

ለዚህ ደግሞ የተራራ ከፍታ ብቻውን አይበቃም። በጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት በአመዳዩ ብዛት የታወቀ ኒሴኮ የሚባል መዝናኛ አለ። ተራራው አኑፑሪ ቁመቱ 1,308 ሜትር ብቻ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ፣ ታንኳው ላይ የተቀመጠ ዓሣ አስጋሪ ከዚያ ተራራ ጫፍ እጅግ ከፍ ብሎ ነው የሚውለው። ሆኖም ኒሴኮ በየዓመቱ 14 ሜትር ገደማ አመዳይ ይወርድበታል። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ተራራው ሲገታው የጠጣውን ያራግፋል።

ባሕር ዳርም በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአመዳይ መልክ ቢወርድ በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይቆለላልና፣ ስሌቱ እዚህም 14 ሜትር ይመጣል። የጎደለን ውሃ አይደለም። የእኛ ዝናብና የእኛ ብርድ አይገናኙም፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፣ ውርጩ ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ከሚባልበት ጊዜ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ሲል ይመጣል። ርብና ጉማራ የሚመነጩበት ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም የሸርተቴ ሜዳ አይሆንም። ራስ ዳሸን ላይ አመዳይ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ፀሐይ ግን ብዙ አታቆየውም።

ጥሩ የሚባል መዝናኛ ለጀማሪ ለስላሳ ተዳፋት፣ ለለመደ ገደላማ ቁልቁለት፣ በመካከሉም ነፋስ የማይደርስበት ደን ይኖረዋል። በሰሜን አሜሪካ አረንጓዴ ክብ ምልክት ቀላሉን መንገድ፣ ጥቁር አልማዝ ከባዱን ያመለክታል። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከተከለለው መስመር የሚወጣ ሰው የተቀበረን ሰው የሚጠቁም ሬዲዮ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ሳይዝ መሄድ የለበትም።

ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ። የተወዳደረው በቁልቁለት ሳይሆን በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ነበር፤ ሜዳውም ዳገቱም በገዛ ጉልበትና ትንፋሽ በሚታለፍበት።