የንግድ ማስታወቂያ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የንግድ ማስታወቂያ በአማራ ክልል መዲና በባሕር ዳር ገበያውን ከማነቃቃት አልፎ የነዋሪውን ምርጫ፣ የድግሱን ወግና ስለ አገሩ ያለውን ስሜት የሚቀርጽ ሥራ ነው። የአካባቢው ሰው ሸማች የሚጠራበት ምልክት ከጥንትም አላጣም። ጠላ የምትሸጥ ሴት በደጇ ረዘም ያለ እንጨት ትተክልና ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋለች፤ አላፊ አግዳሚውም ጠላ መኖሩን ከሩቅ ያውቃል። ያለውን አለ ከማለት በቀር አንዳች የማይጨምር፣ የታመነ ማስታወቂያ ነው።

በደርግ ዘመን ዋና ዋናው ምርትና ንግድ በመንግሥት እጅ ስለነበር አደባባዩን የያዘው መፈክር ነበር። በ1987 ዓ.ም. በኩር ጋዜጣ ባሕር ዳር ላይ መታተም ስትጀምር፣ ኋላም የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲከተሉ፣ የጣና ዳር ነጋዴ አዲስ አበባ ሳይወርድ በገዛ አገሩ አነጋገር ደንበኛውን የሚጠራበት መድረክ አገኘ።

ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መሪ ቃል ካስጀመሩት የቱሪዝም ቅስቀሳ ወዲህ የአገሪቱ መለያ ሥዕል ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በተለይ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙ ውኃ ከፏፏቴው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር፣ በፖስተሩ ላይ የሚታየው ሙላት በበጋ ለሚመጣ እንግዳ አይገኝም። ፏፏቴው በክረምት ማብቂያ ዛሬም ግርማው የሚያስደንቅ በመሆኑ፣ አስጎብኚዎች ወቅቱን አስቀድመው ቢናገሩ ለእንግዳውም ለአገሩም ክብር ነው።

ቢራን የሚያህል የአካባቢውን ባህል ለማስታወቂያ ያዋለ ምርት ግን የለም። በተራራ ስም የተሰየመውና መጀመሪያ ጎንደር ላይ የተጠመቀው ዳሸን በቅርብ የሚታወቅ ምሳሌ ነው። የቢራ ማስታወቂያዎች እስክስታን፣ ማሲንቆን፣ የበዓል ጨዋታንና የጓደኛሞችን ፍቅር ከጠርሙሱ ጋር አጣምረው ስላቀረቡ፣ ወጣቱ የሚያዝዘው መጠጥ የማንነቱ መግለጫ መሰለው። ጠላ ከከተማው ግብዣ ላይ ወደ ዳር የተገፋው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ የገቢ ማደግና የጠመቃው ድካምም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከለከለ። ይህ ያለ ጥርጥር ተገቢ እርምጃ ነበር። ሆኖም በሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ በሚቀርብባቸው መዝናኛዎች የመጠጥ ፋብሪካ ስም ከጥላው፣ ከወንበሩና ከብርጭቆው ላይ አልጠፋም፤ ከወላጆቹ ጋር ለምሳ የመጣ ልጅ ምግቡ እስኪደርስ ድረስ የሚያነበው እርሱን ነው።

በጥር የሠርግ ወራት ደግሞ የቬሎ አከራዮች፣ ፎቶ ቤቶችና አዳራሾች በቲክቶክና በፌስቡክ ይፎካከራሉ። በጣና ዳር የተቀረጸው የሙሽሮች ቪዲዮ ለቀጣዮቹ ተጋቢዎች መለኪያ ይሆናል፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ዳስ የሚጥልበት ሠርግም ያረጀበት ይመስላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላ ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ከእነዚህ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ግን የሚለቀቁት የቤተሰብ ደስታ ሆነው ነው፤ የአከራዩ ስልክ ቁጥር የሚገኘው ከምርቃቱ ቀጥሎ፣ ከግርጌ ነው።