ፈረንሳይኛ ለሕፃናት በአዳማ

በአዳማ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ የትምህርት ዓይነት አይደለም። ልጁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይወስዳል። ፈረንሳይኛ የሚያጋጥመው በግል ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ፣ በክበብ ወይም ቤት መጥቶ በሚያስጠና መምህር በኩል ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ወጥ መልክ የለውም፤ ጥሩነቱም መጥፎነቱም የሚወሰነው በአስተማሪው ነው።

ቋንቋው ግን ለከተማዋ ባዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አዳማ የቆመችው ፈረንሳዮች በዘረጉት የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ነው። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩ ኩባንያ ይሠራ የነበረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ለገሃር የሚለው ስምም «ላ ጋር»፣ ማለትም «ጣቢያው»፣ ከሚለው የመጣ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ቤተ መንግሥቱም የዘመኑ ተማሪዎችም ከውጭ ቋንቋዎች በብዛት የሚይዙት ፈረንሳይኛን ነበር። ከ1941 እ.ኤ.አ. ነጻነት በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደው፤ አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት እየራቀ በሄደበት በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ አንድ የአዳማ ወላጅ ልጁን ፈረንሳይኛ የሚያስጀምርበት ምክንያት ብዙም ሩቅ አይደለም። ከባድ መኪናው በደጁ አልፎ የሚወርድባት ጅቡቲ ይፋዊ ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረትም በፈረንሳይኛ ይሠራል።

የአዳማ ልጅ ትልቁ ፈተና ሰዋስው ሳይሆን ንባብ ነው። አማርኛን በፊደል፣ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ በዚያው በላቲን ፊደል ያነባል። «ሲ»ና «ኤች» ጎን ለጎን ሲመጡ በቁቤም በእንግሊዝኛም በአብዛኛው «ቸ» ይባላሉ። ፈረንሳይኛ ላይ ግን «ሸ» ይሆናሉ። ሰሌዳ ላይ የድመት ስም በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቻት!» ብሎ ይጮኻል፤ ስልክ የነካ ልጅ ሁሉ ያውቀዋልና። ትክክለኛው ንባብ «ሻ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ቲ» አይነበብም። አንድ ዘዴኛ መምህር ይህን ሕግ አያስሸመድድም። የሸሚዙን ኮሌታ ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። «ሸሚዝ!» ሲሉት ቃሉን በፈረንሳይኛ ይጽፈዋል፤ መነሻው ላይ እነዚያው ሁለት ፊደሎች አሉ። ከዚያ ወዲያ «ቸ» ያለ ልጅ ካለ መምህሩ ኮሌታውን መንካት ብቻ ይበቃዋል። (ቀሚስ የሚለው ቃላችንም በዐረብኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ እሱን ግን ለትልልቆቹ ማቆየት ይሻላል።) ቢሮ፣ አምፑል፣ ሾፌር፣ ጋራዥ እያሉ ልጆቹን ቃል ማስለቀም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስኬዳል። ሚኒስቴርና ሚኒስትር ለምን ሁለት እንደሆኑ የሚገባቸውም ያኔ ነው፤ በፈረንሳይኛ አንዱ መሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ሰውየው ነው።

የማይነበቡት ፊደሎች የባሱ ናቸው። «እሱ ይናገራል» እና «እነሱ ይናገራሉ» ለጆሮ ሁለቱም «ኢል ፓርል» ናቸው፤ ሲጻፉ ግን ይለያያሉ። እያንዳንዱን ፊደል ድምፅ ሰጥቶ ማንበብ ለለመደ ልጅ ይህ ማጭበርበር ይመስለዋል። ሆኖም የእኛም ጽሕፈት የሚደብቀው አለ፤ «ገና» የሚለውን በዓሉ ነው ስንል እናጠብቀዋለን፣ «ገና ነው» ስንል ግን እናላላዋለን፣ ፊደሉ አንድ ነው።

ከድምፆቹ የሚያስቸግረው «ኢ» እያሉ ከንፈርን እንደ «ኡ» ማሞጥሞጥ ነው። መስተዋት ቢኖር ሳቁ ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራል። «ቦን» በሚለው ቃልም ልጆቹ መጨረሻው ላይ ሙሉ «ን» ይጨምራሉ፤ ምላሳቸው ወደ ላይ ሳይነሳ ድምፁ በአፍንጫ እንዲወጣ ማለማመድ ያስፈልጋል። በጉሮሮው «ር» ግን ብዙ መጨቃጨቅ አያሻም፤ ምላሳቸውን እያንቀጠቀጡ የሚሉት አፍሪካውያን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሞልተዋል።

ሰላምታ ላይ ደግሞ ልጆቹ ይቀድማሉ። ለጓደኛ «ቱ»፣ ለትልቅ ሰው «ቩ» የሚለው ደንብ አንተና እርስዎ እያለ ላደገ ልጅ ማብራሪያ አይፈልግም፤ በአፋን ኦሮሞም «አቲ»ና «ኢሲን» አለ። የሚገርማቸው «ቱ» ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑ ነው።

ቁጥር እስከ ስልሳ ድረስ ሰላም ነው። ሰባ «ስልሳ አሥር»፣ ሰማንያ «አራት ሃያ»፣ ዘጠና «አራት ሃያ አሥር» ሲሆን ግን ጣት መቁጠር ይጀመራል። ሰዓትም አለ። ልጁ ክፍል የሚገባው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የፈረንሳይኛው መጽሐፍ ይህንኑ «ስምንት ሰዓት» ይለዋል። ስድስት ደምር ብሎ ከማስላት ይልቅ ሁለት ክብ ሰዓቶችን በካርቶን ሠርቶ ጎን ለጎን መስቀል ይቀላል።

ወላጅ ብዙውን ጊዜ የልጁን ዕድገት በደብተር ይለካል፤ የተጻፈ ካላየ ክፍያው ባከነ ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ደብተር ባይነካባቸው እመርጣለሁ። ልጅ አፉን የፈታው ጽሑፍ ገልብጦ አይደለም፣ ሰምቶ ነው። «ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ በሩን ክፈቱ» የሚሉ ትእዛዞችን በፈረንሳይኛ እየሰማ በአካሉ የሚመልስ የሰባት ዓመት ልጅ ሃምሳ ቃል ገልብጦ ከመጣው ይልቅ ያስታውሳል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጀው ፈተና ዴልፍ ፕሪም ነው። ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በሦስት ደረጃ ይሰጣል። ማድመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ለየብቻ ስለሚመዝን፣ በግልበጣ ብቻ የተማረ ልጅ የሚወድቅበት ቦታ የመጀመሪያው ክፍል፣ ማድመጡ፣ ላይ ነው።